ይድረስ ለክቡር የምሽት ቮልቴጅ መውረድ፣ ጅማ

ጉዳዩ፦ ከምጣዳችን ስለሚጎድለው 1,540 ዋት ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ከመንደራ እስከ ቆጪ ባለው ሰፈር ሁሉ ፀሐይ እንደጠለቀች ሳይጠሩ የሚገኙ፣ በሰዓት አክባሪነትዎ ለብዙ የስብሰባ መሪ አርአያ ሊሆኑ የሚገባዎ እንግዳ በመሆንዎ አክብሮቴን አቀርባለሁ። እንደ መብራት መጥፋት ያለ ባለጌ እንዳልሆኑም እመሰክራለሁ። እርሱ ሲመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ሻማ ይፈለጋል፣ ይረገማል። እርስዎ ግን አምፖሉን ሳያጠፉ፣ ምጣዱንም ጨርሰው ሳያቀዘቅዙ፣ ቤተሰቡ እርስ በርሱ እንዲወቃቀስ አድርገው በክብር ይቀመጣሉ። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ሲቀር እርሾው ይታማል፣ ሊጡን ያቦካችው ትወቀሳለች፣ ምጣዱን የሸጠው ነጋዴም በሌለበት ይሰደባል፤ በዚህ ሁሉ መካከል የእርስዎን ስም የሚያነሳ የለም።

እኔ ስምዎን ለማንሳት የተገደድኩት ምጣዱን በመለኪያ ስለመረመርኩት ነው። ኃይሉ ደህና በሆነበት ሰዓት ሶኬቱ ላይ 220 ቮልት፣ ሽቦው ላይ ደግሞ ሽቦውን አቅፎ የኤሌክትሪኩን ፍሰት በሚለካው ክላምፕ ሜትር 16 አምፔር አነበብኩ (ለስሌት እንዲመች ከነጥብ በኋላ ያሉትን ትቻለሁ)። ጀርመናዊው መምህር ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሕግ መሠረት ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል የምጣዱ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ፍሰቱን የመግታት አቅሙ፣ 13.75 ኦም ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ ደግሞ 3,520 ዋት ይሰጣሉ። ከምሽቱ 1 ሰዓት እርስዎ ባሉበት ስለካ 165 ቮልትና 12 አምፔር አገኘሁ። 165 ለ12 ሲካፈል ያው 13.75 ነው። ስለዚህ ምጣዱ ከክሱ ነፃ ሆኖ በክብር ተሰናብቷል።

ኃይሉ ግን 165 በ12 ሲባዛ 1,980 ዋት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብልሃትዎን ሳላደንቅ ማለፍ አልችልም። ከቮልቱ የወሰዱት ሩቡን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሬዚስታንሱ ባለበት ስለሚቆም ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩም በዚያው ልክ ሩቡን ጥሎ ይከተለዋል፣ ሁለቱ የተቀነሱ ቁጥሮች ሲባዙም ከ16 እጅ 9 እጅ ብቻ ይቀራል። ሩብ ወሰድኩ ብለው ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ኃይል ይዘው የሚሄዱ፣ ደረሰኝም የማይሰጡ ብቸኛው የጅማ ነጋዴ እርስዎ ነዎት።

ቆጣሪው ቢያንስ የሚቆጥረው የደረሰንን ነው ብለው እንደሚከራከሩ አውቃለሁ። ሆኖም በ220 ቮልት አንድ ሰዓት የሚፈጀውን ሙቀት በ165 ቮልት ለማግኘት 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ገደማ ያስፈልጋል፤ በተጨማሪዎቹ ደቂቃዎች ከምጣዱ ወደ ማድቤቱ አየር የሚባክነውን ሙቀትም የምንከፍለው እኛው ነን።

የጎደለው 1,540 ዋት የት እንደሚገባ መልስ ባይሰጡኝም በራሴ ደርሼበታለሁ። ከትራንስፎርመሩ 220 ቮልት ይነሳል ብንል፣ ምጣዳችን 12 አምፔር ሲስብ ለእኛ ተብሎ የሚላከው 2,640 ዋት ነው። ስለዚህ 880 ዋቱ ከመጀመሪያውም አልተነሳም፤ የቀረው 660 ዋት ደግሞ መንገድ ላይ ሽቦ ሲያሞቅ ይቀራል። መስመሩ ረጅም፣ ሽቦውም ቀጭን በሆነ መጠን ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ይህ ሬዚስታንስ ግማሽ ኦም ብቻ ነው እንበልና፣ ሁሉም ቤት ምጣዱን በአንድነት ሲሰካ በመስመሩ 110 አምፔር ቢያልፍ 55 ቮልት በመንገድ ይቀልጣል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ሙቀቱ የሚያድገው በአምፔሩ ካሬ (አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ) ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት 6,050 ዋት ሽቦው ላይ ያረፉትን ወፎች እግር ለማሞቅ ይውላል። ለወፎቹ ደስ ብሎኛል።

የሰፈራችን እናቶች ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተው የሚጋግሩትም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ሰዓት አምፔሩ ወደ 22 ቢወርድ በመስመሩ የሚቀረው 11 ቮልት ብቻ ነው፤ ቤት የሚደርሰው 209 ይሆናል፣ የወፎቹም ድርሻ ወደ 242 ዋት ይወርዳል። ኦምንም ጁልንም ሳያነቡ ከቀመሩ የደረሱት እንቅልፋቸውን ከፍለው ነው።

ከከተማችን ብዙ በማይርቀው ግልገል ጊቤ ወንዝ ላይ የተገነባውና 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ 1 በጎረቤትነት ቢያፍርብዎም፣ ጥፋቱ የግድቡ አይደለም። የተርባይን ብዛት የሰፈር ሽቦን አያወፍርም፤ የሚያወፍረው ሽቦውን መቀየር፣ ትራንስፎርመሩን ወደ ቤቶቹ ማቅረብና ጭነቱን በሦስቱ ፌዞች (ኃይል በሚያደርሱት ሦስት የመስመሩ ሽቦዎች) እኩል ማከፋፈል ነው።

እስከዚያው ጎረቤቶቼ የወረደውን ቮልት ከፍ አድርጎ የሚያስተካክለውን ስታቢላይዘር እየገዙ ነው፤ ይህንንም በደስታ እንደሚመለከቱት እገምታለሁ። ከመሣሪያው በኩል 440 ዋት በ220 ቮልት እንዲወጣ 2 አምፔር በቂ ነው፤ በመግቢያው ያለው ቮልት 165 ሲሆን ግን ስታቢላይዘሩ የራሱን ብክነት ሳይጨምር ወደ 2.67 አምፔር መሳብ አለበት። ይህ ትርፍ አምፔር በዚያው ቀጭን ሽቦ ስለሚያልፍ ስታቢላይዘር ያልገዛውን ቤት ይበልጥ ያወርደዋል፤ እርሱም በተራው ይገዛል። እርስዎን ለመከላከል የምናወጣው ገንዘብ ለእርስዎ ደመወዝ ሆኖ ይከፈላል ማለት ነው።

ስለሆነም ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢያንስ ከ200 ቮልት በታች እንዳይወርዱ፣ መውረድ ግድ ከሆነብዎም ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ አስቀድመው እንዲያሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፍሪጃችን ሞተር (በዝቅተኛ ቮልት መነሳት አቅቶት ስለሚያቃስት)
በሐሰት ለታማው እርሾ