ጳጉሜን ማን ዋጣት?

ኧረ ወገን፣ ዛሬስ በዛ! እግሬ አብጦ ጫማዬን በር ላይ ጥዬ ነው የገባሁት፤ ሻይ እንኳ ሳልጥድ ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ባጃጁ። ለእርግዝና ክትትል ልሄድ ከአባይ ማዶ ልሳፈር ስል ሹፌሩ ሆዴን አየና «እህቴ፣ አንቺ እኮ የሁለት ሰው ቦታ ነው የምትይዢው፣ የሁለት ትከፍያለሽ» አይለኝም? ልጄ ሳይወለድ ታሪፍ ወጣለት። ስቄ ከፈልኩ። አማቴ አብራኝ ስለነበረች እንጂ ሌላ ቀን ቢሆን መንገዱን ሙሉ ነበር የምሰድበው።

አዎ፣ አማቴን ይዤ ሄጄ ነበር። የራሴ ጥፋት ነው።

ሲስተሯ ያቺን የመውለጃ ቀን የሚሰላባትን የምትሽከረከር ክብ ወረቀት አወጣች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ተረኛ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«እናት፣ የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው?»

«ሰኔ 20።»

«እርግጠኛ ነሽ? መቼም ሁላችሁም ትዘባርቃላችሁ።»

እርግጠኛ ነሽ ትለኛለች! በማግስቱ ሰኔ ማርያም ነበረች። ነጠላዬን አጥቤ ተኩሼ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው የመጣብኝ። መግባቱ ቀርቶብኝ፣ ከቅጥሩ ውጭ ዝናብ እየደበደበኝ ነው የተሳለምኩት። ይሄን ቀን ነው የምዘባርቀው?

ክቧን አዞረቻት። ክቧ ደግሞ የፈረንጅ ናት። ሰኔን ጁን አደረገችው፣ 20ውን 20 ላይ አሳረፈችው። ሰኔ 20 እኮ ጁን 27 ነው! አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፤ ባለሙያ አስተማረች እንዳልባል። ከዚያ በዚያ የገበያ ድምጿ «ሠላሳ ሳምንት! መጋቢት 18 ትወልጃለሽ!»

አማቴ ጣቷን ማጠፍ ጀመረች።

ባሌ ግንቦትንና ሰኔን አዲስ አበባ ሥራ ላይ እንደነበር ታውቃላችሁ። ቤቱ የገባው ሐምሌ 3 ነው፣ ለሐዋርያት ፍቺ። አማቴም ታውቃለች፤ ዶሮውን ያረባችው እሷ ናት።

«ሠላሳ ሳምንት?» አለች፣ ጣቷን እንዳጠፈች። «ታዲያ ይሄ ሰኔ መካከል አይደለም እንዴ? ልጄ ያኔ የት ነበር?»

ኮሪደሩ ጭጭ አለ። ለክትባት የመጣ ሕፃን ሳይቀር ለቅሶውን ያቆመ መሰለኝ።

ሲስተሯን አየኋት። አንድ ቃል ብትተነፍስ ያልቅ ነበር። እርግዝና የሚቆጠረው ከተጸነሰበት ቀን አይደለም፤ የመጨረሻው የወር አበባ ከመጣበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ጽንሱ የሚፈጠረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። 280 ቀን፣ 40 ሳምንት የሚባለው ማህፀን ውስጥ ምንም ያልነበረበትን ሁለት ሳምንት ጨምሮ ነው። ሰኔ 20 እና ሐምሌ 3ን አስቀምጡና ቁጠሩት፣ ቁልጭ ብሎ ይመጣል! እሷ ግን ምን አለች?

«እሱን ቤታችሁ ተነጋገሩበት። ቀጣይ!»

ቤታችሁ ተነጋገሩበት!!! ቀጣይ!!!

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ለአማቴ ላስረዳ ሞከርኩ። ሁለት ሳምንቱን ስነግራት «ሳይጸነስ እርጉዝ?» ብላ ወደ ጣና ዞረች። ከዚያ «ልጅ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው። ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29። እመቤታችንም እንዲሁ ነው የቆጠረችው» አለችኝ። በሷ ስሌት ከሐምሌ 3 ተነስቼ ሚያዝያ 3 ነው የምወልደው። በመጋቢት ከወለድኩ ግን... አልጨረሰችውም። አለመጨረሷ ነው የገደለኝ።

ደግሞ የሚያናድደው፣ ከሁሉም ጳጉሜን ያልረሳች እሷ ናት! ያቺ አምስት ቀን እኮ ጳጉሜን ናት። ጥቅምት ላይ ያየኝ ባለሙያ ሰኔ 20 ላይ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ደምሮ ካርዴ ላይ መጋቢት 30 ብሎ ጽፎልኛል። አሥር ቀን የሚደመረው መንገድ ላይ ጳጉሜን ከሌለች ነው። ካለች አምስት፣ ስድስት ቀን የሆነች ዓመት ደግሞ አራት። ኔግሌ የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም ዘጠኝ ወር ከሰባት ቀን ያለው ለራሱ ካላንደር ነው፤ እኛ አሥራ ሦስት ወር አለን ብለን በቱሪስት ፊት እንኮራና ነፍሰ ጡር ፊት አሥራ ሦስተኛዋን እንውጣታለን። ትክክሉ መጋቢት 25 ነው። እኔ፣ ሒሳብ ስፈራ የኖርኩት ሴትዮ፣ በምስር መልቀሚያ ሰፌድ ላይ ቆጥሬ ደረስኩበት።

አልትራሳውንዱንማ ተዉት። በሁለተኛው ወር ሄጄ ለምኛለሁ። «ገና ነው፣ ሆድሽ ሲገፋ ነይ» ተባልኩ። ቀኑን በደንብ የሚናገረው ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ ይታይ ይላል። ከ28 ሳምንት ካለፈ በኋላ ሦስት ሳምንት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ይኸው አሁን ሆዴ ገፍቶ ታየሁና ማርች 24 የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ማርች ማለት ለማን? ወደኛ ስመልሰው መጋቢት 15።

ሦስት ወረቀት፣ ሦስት ቀን። የአማቴ ሚያዝያ 3 ሲጨመር አራት ቀን። እናቴ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ደውላ የገንፎውን ቅቤ ትጠይቃለች፤ እኔ አራስ ነኝ፣ ሁዳዴው አይመለከተኝም፣ ጠያቂው ግን ምን ይብላ? እማዬ፣ መጀመሪያ ልጁ ይምጣ!

በቀኑ የሚወለደው ከመቶ ሕፃን አምስት እንኳ እንደማይሞላ አውቃለሁ። ልጁ ሲፈልግ ይምጣ። ችግሩ የወሊድ ፈቃድ ነው፤ ከመውለዴ በፊት ያለችኝ 30 ቀን ከየትኛው ወረቀት ወደ ኋላ ትቆጠር? ከየካቲት 15 ልውጣ ወይስ ከየካቲት 30? ከሰዓት ሦስቱንም ይዤ ሰው ሀብት ቢሮ ገባሁ። ሰውየው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አንድ በአንድ አያቸውና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ሰኞ አንድ ቀን ብቻ ያለበት አምጪ። ማህተም እንዳትረሺ።»