ስለ ዋጋው አያስቡ

ዋጋ መጠየቅ ነውር የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ ሳልሰማ የወጣ አዋጅ ካለም ልቀጣ። ብቻ ሰሞኑን ሱቅ ገብቼ «ይህ ስንት ነው?» ባልሁ ቁጥር መልሱ ገንዘብ አይደለም። «ስለ ዋጋው አያስቡ» ነው። ሰው ሱቅ ገብቶ ስለ ዋጋ ካላሰበ ስለ ምን ሊያስብ ነው? ስለ ነፍሱ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን አለለት።

ለአሁኑ ንዴቴ ምክንያቱ ጃኩዚ ነው። አዎ፣ ጃኩዚ፤ ሙቅ ውሃ በሞተር እየገፋ ገላ የሚያሽ ገንዳ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም እህል ነጋዴ ነው። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በቆሎ ሲጭን ኖሮ ባሕር ዳር ላይ ጂ ፕላስ ዋን ሠራ። ወገቡን ያመዋል። አንድ ከውጭ የመጣ ወዳጁ «ለወገብ እንደ ጃኩዚ ያለ የለም» አለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ወገቡ ባሰበት።

ተላኪው እኔ ሆንሁ። «አንተ የተማርህ ነህ፣ እስቲ ሄደህ እይልኝ» አለኝ። በእኛ ዘመዶች ዘንድ የተማረ ሰው ጥቅሙ ይኸው ነው። የማይገዛውን ዕቃ ዋጋ ይጠይቃል፤ የማይመለከተውን ደብዳቤ ያነባል።

ሱቁ ሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ የሚሸጥ ነው። ጃኩዚው መሐል ላይ ተጎልቷል። ደረቅ ነው። ውስጡ የሽንት ቤት መቀመጫ ክዳኖች ተደርድረዋል። ሁለት ካርቶን ቧንቧ አለ። ጥግ ላይ፣ ሰው ጀርባውን የሚያስደግፍበት ቦታ ላይ፣ የሻጩ ምሳ ዕቃ ተቀምጧል። ልጁ ምሳ ዕቃውን አነሳና ጠርዙን በእጅጌው ጠረገልኝ።

«ስንት ነው?» አልሁት።

«መጀመሪያ ይዩት ጋሼ።»

«አየሁት። ስንት ነው?»

«ባለ አምስት ሰው ነው።»

«እሺ፣ ስንት ነው?»

«መብራት አለው። ቀለሙን ይቀያይራል።»

«የኔ ልጅ፣ ዋጋውን ነው የምልህ።»

«ኧረ እርስዎ ስለ ዋጋው አያስቡ! እንስማማለን።»

በምን ላይ ነው የምንስማማው? እኔ ቁጥር አልሰማሁ፣ እሱ ቁጥር አልጠራ። እኔና እሱ እስከ አሁን የተስማማነው ጃኩዚው ነጭ መሆኑ ላይ ብቻ ነው።

በሬ ገበያ እንኳ እንዲህ አይደለም። በሬ የሚሸጥ የጎጃም ገበሬ ዋጋውን ይጠራል። የጠራው ዋጋ ሰማይ ሊነካ ይችላል፤ ግን ጠርቷል። ገዢው የበሬውን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይጨብጣል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። ከዚያ ግማሹን ይሰጣል። ሻጩ እንደተሰደበ ሰው ፊቱን ያዞራል። ገዢው ይሄዳል፤ ሻጩ ይጠራዋል፤ ደላላው መሐል ይገባል። ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ቢሆንም ክርክሩ ስለ ብር ነው። የእኔ ሻጭ ግን ቀለም ስለሚቀያይር መብራት ያወራኛል።

ቴሌግራማቸውንም አየሁት። የጃኩዚው ፎቶ አለ፣ ቁመቱ አለ፣ ወርዱ አለ፣ እሳትና ልብ አለ። ሥሩ ላይ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። በውስጥ መስመር ጻፍሁ። «ይደውሉ» አሉኝ። ደወልሁ። «ሱቅ ይምጡ» አሉኝ። ሱቅ ስሄድ ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቴሌግራማችን ላይ አላዩትም?»

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚሉትን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ምክንያቱም አይቼዋለሁ። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ጨሞጋ የሚባል ወንዝ አለ። በበጋ ቢያዩት ይንቁታል። ክረምት ላይ ግን ሌላ ነው። ሲገቡበት መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀዘቅዛል፤ ደስ ይላል። ጉልበት ላይ ሲደርስ ያስቃል። ወገብ ላይ ሲደርስ ሳቁ ይቆማል፣ ግን ያን ጊዜ እግር መሬቱን ለቋል። ተረቱን የተረተው ሰው ፈላስፋ ነው ይላሉ። እኔ ግን ክረምት ላይ ገበያ የሄደ ሰው ነው ባይ ነኝ። ዋጋ የማይናገር ሻጭ ፈገግ ሲልልኝ ቁርጭምጭሚቴን ይቀዘቅዘኛል።

እንዲያውም ይህችን «አታስብ» የምትባል ነገር መጀመሪያ የሰማኋት ተማሪ ሳለሁ ነው። ባሕር ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። አከራዬ እትዬ (ስማቸው ይቅር) ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ «ስለ ኪራዩ አታስብ ልጄ፣ አንተ እንደ ልጄ ነህ» አሉኝ። እኔም አላሰብሁም። ወሩ ሲያልቅ የጠየቁኝን ብር የወለደች እናት ልጇን አትጠይቅም።

ኪራዩንስ ይቅር አልሁ። ይቅር ያላልሁት የውሃውን ነገር ነው። ግቢው ውስጥ አንድ በርሜል ነበረ። ክዳኑ ይቆለፋል። ቁልፉ እትዬ አንገት ላይ፣ ከማተባቸው ጋር ነው። ገላዬን ልታጠብ ጣሳ ይዤ ስቆም «ባለፈው ሳምንት ታጥበህ የለ?» ይሉኛል። አንድ ቀን ሁለተኛ ጣሳ ብጨምር በመስኮት ብቅ ብለው፣ ተከራይ ሁሉ እየሰማ፣ «ገላህን ነው ወይስ ምንጣፍ ነው የምታጥበው?» አሉ። ይህን ቂም እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ፤ ንስሐ አባቴም ያውቁታል። በርሜሉ የተቀመጠበት ግቢ ደግሞ ከጣና ዳርቻ በእግር ቅርብ ነው። ጣና! በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ!

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው እኮ ዝም ብሎ አይደለም። ዓባይ ከእኛው ከሰከላ፣ ከግሽ ተራራ ሥር ይመነጫል። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ደግሞ በ1770 ይህችን ምንጭ ለማየት ባሕር ተሻግረው መጥተዋል። ብሩስማ ከምንጩ ቀድቶ ለንጉሡ ጤና ጠጣ። እኛ ከሥሯ ተወልደን ቧንቧ በፈረቃ እንጠብቃለን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሮቶው ውስጥ ጠብ ሲል የሰማ ሰው ቤተሰቡን ሁሉ ይቀሰቅሳል። መብራቱንም እንዲሁ ነው። ጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ተብሎ የተሠራ ነው። ሻማ ግን ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም።

ታዲያ ጃኩዚ በዚህ አገር ምን ይሆናል? ሱቁ ውስጥ ቆሜ ወረቀት አወጣሁ።

«ስንት ሊትር ይይዛል?»

«1,200።» ይህን አወቀ! ሊትሩ ሚስጥር አይደለም ማለት ነው።

1,200 ሊትር በ20 ሊትሩ ጀሪካን 60 ጀሪካን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን 12 ኩንታል ማለት ነው። ገንዳው ባዶውን ሦስት ኩንታል ይሆናል። አምስት ሰው ሰባ ሰባ ኪሎ ቢመዝን ሦስት ኩንታል ተኩል። ድምሩ 18 ኩንታል ተኩል። አማቼ ይህን የሚያስቀምጠው የት ነው? ሰገነት ላይ። እዚያው ሰገነት ላይ በርበሬ ሲሰጣ እንኳ ሚስቱ «ቀስ ብላችሁ ርገጡ» የምትልበት።

«ይሞቃል?» አልሁ።

«ቁልፉን እንደነኩት!»

እንግዲህ ይሄ ውሸት ነው። ማሞቂያው ሦስት ኪሎ ዋት መሆኑ ጎኑ ላይ ተጽፏል። 1,200 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 40 ለማድረስ 28 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከዘጠኝ ሰዓት በላይ መሆኑ ነው፤ ያውም ምንም ሙቀት ሳያመልጥ፣ ያውም መብራት ሳይሄድ። ጠዋት ቅዳሴ ሲወጣ የተለኮሰ ጃኩዚ ማታ ከእራት በፊት ይደርሳል። ጥጃ ሥጋም ቢጣድ ይቀድመዋል።

«ማጣሪያውስ ሲቆሽሽ?»

«እናስመጣለን።»

«ከየት?»

«ከአዲስ አበባ።»

«ሞተሩ ቢበላሽስ?»

«አይበላሽም።»

«ቢበላሽስ?»

«ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይመጣል።»

«ውሃውን ምን ይጨምሩበታል?»

«ውሃ አጋር ጠብ ማድረግ ነው» አለኝ፤ ለጀሪካን የምንጨምረውን።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅሁ ነበር። ያናደደኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። «አማቼ ግፊት አለበት» አልሁት። ይህ እውነት ነው። ልጁ ዓይኑን ሳያሽ «ለግፊትም መድኃኒት ነው ጋሼ» አለኝ። ቆይ እንጂ! በ40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የደም ሥሩ ይከፈታል፣ ግፊቱ ይወርዳል። የግፊት ክኒን የሚውጥ ሰው ደግሞ ድንገት ብድግ ሲል ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። የልብ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡርም ሐኪም ሳይጠይቁ አይገቡበትም። ይህ የጃኩዚው መመሪያ ላይ ራሱ ይጻፋል። ዋጋ ደብቁ፣ ግድ የለም። ብር ይተካል። የሰውን ደም ሥር ግን በኮሚሽን አትጫወቱበት። ይህን አልሁትና ወጣሁ። በሩ ላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ለእርስዎማ እንቀንሳለን!» አለኝ። ከምኑ ላይ?

አማቼ ቤት ስደርስ አማቴ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከእናርጅ እናውጋ ከመጡ ገና መንፈቃቸው ነው። ወሬውን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ «ሙቅ ውሃ ውስጥ ለመቀመጥ ነው ይኼ ሁሉ?» አሉ። ከዚያ እግር አጠባውን አነሱ። በእሳቸው ቤት ማታ እንግዳ ሲገባ ከመቀመጡ ልጅ ሙቅ ውሃ በገበቴ ይዞ ይቀርባል። ተረከዙን አሽቶ፣ በጣቶቹ መሐል ገብቶ፣ እስከ ባቱ ያጥበዋል። ሲጨርስ እንግዳው ይመርቀዋል። «ተዚያ ወዲያ ወገቤን ያለ እንግዳ አላየሁም» አሉ አማቴ። ልጃቸው ዝም አለ። አሁን እግር የሚያጥብ ልጅ ከየት ይመጣል? ልጆቹ ስልክ ላይ ናቸው።

እኔም ዝም ልበል አልሁና አልቻልሁም። ስለ ጃኩዚ ያነበብሁትን ነገርኋቸው። ጃኩዚ የአንድ ጣሊያናዊ ቤተሰብ ስም ነው። ወንድማማቾቹ ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደው መጀመሪያ የአውሮፕላን ፕሮፔለር (አየር የሚቀዝፈውን ምላጭ) ይሠሩ ነበር። ኋላ ለገበሬ የሚሆን የውሃ ፓምፕ ወደ መሥራት ዞሩ። ከወንድማማቾቹ አንዱ፣ ካንዲዶ፣ ልጁን የመገጣጠሚያ ሕመም አሠቃየበት። አባትየው የሚያውቀው ፓምፕ ነው፤ ስለዚህ የቤት ገንዳ ውስጥ የሚነከር ትንሽ ፓምፕ ሠራለት። ፓምፑ ከገንዳው ጋር አብሮ ተገጥሞ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እንግዲህ አማቼ ጣና ዳር ሽንኩርት የሚያጠጣበት ሞተርና ይህ ቀለም የሚቀያይረው ነገር ዘመዳሞች ናቸው።

ይህን ማውራት አልነበረብኝም። ዓይኑ በራ። «ሞተርማ እኛም እንጠግናለን!» አለ። የባለሙያው ጉዳይ በዚህ ተዘጋ።

የዋጋውን ነገር ረሳሁት አይደል? እኔ ከሱቁ ተጣልቼ በወጣሁ በማግሥቱ አማቼ ራሱ ሄደ። ከሻጩ ጋር ቡና ጠጡ። ማታ እየሳቀ መጣ።

«ጨረስሁ» አለኝ።

«ስንት አለህ?»

«ስለ ዋጋው አታስብ፣ ግማሹን ቀብድ ክፈል አለኝ።»

«የስንቱን ግማሽ ጋሼ?»

ትንሽ አሰበ። «የሰጠሁትን ተቀበለኝ» አለ።

ካርኒውን አየሁት። የከፈለው ብር ተጽፏል። «ቀሪ» በሚለው ቦታ ላይ «እንስማማለን» ይላል፣ ከነማኅተሙ።

አሁን ሰገነቱ 20 ኩንታል እንዲችል ከሥር ምሰሶ ሊያስገባ ግንበኛ ጠርቷል። ግንበኛው መጥቶ ለካ፣ ብረቱንም ሲሚንቶውንም ዘረዘረ። የእጁን ዋጋ ግን ገና አልተናገረም።