ማስተካከያ፦ ሊንከን ሴናተር ሆኖ አያውቅም

ባለፈው ሳምንት ስለ አብርሃም ሊንከን ስጽፍ «የስፕሪንግፊልዱ ጠበቃ ኢሊኖይን ወክሎ ሴናተር ሆነ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ሊንከን ኮንግረስ የገባው በተወካዮች ምክር ቤት በኩል ነው። የቆየውም አንድ የምርጫ ዘመን ብቻ ነው፤ ከ1847 እስከ 1849 እ.ኤ.አ.። ለሴኔት በ1855 እና በ1858 ሞክሮ ሁለቴም አልቀናውም። ያኔ ሴናተር የሚመርጠው ሕዝቡ በቀጥታ ሳይሆን የግዛቱ ምክር ቤት ነበር። በ1858 ከተቀናቃኙ ከስቴፈን ዳግላስ ጋር ሰባት ጊዜ አደባባይ ወጥቶ የተከራከረው ለሴኔት ወንበር ነው፤ ወንበሩን የወሰደው ግን ዳግላስ ነው።

ያመሳከርኩት የኮንግረስ አባላትን የሕይወት ታሪክ መዝገብና ሊንከን ራሱ በ1858 የጻፋትን አጭር ማስታወሻ ነው። ማስታወሻዋ ደስ ትላለች። ትምህርቱን «ጎዶሎ» ብሎ ያልፈዋል። በአንዲት በጣም ትንሽ ፖስታ ቤት ኃላፊ እንደነበር ግን መጥቀሱን አልረሳም። ኮንግረስን በተመለከተ የታችኛው ምክር ቤት (ማለትም የተወካዮች ምክር ቤት) አባል ነበርኩ ይላል፣ በቃ።

ያን ጽሑፍ የቋጨሁት «ደረጃ በደረጃ ወጣ» ብዬ ስለነበር ድምዳሜውም አብሮ ይወድቃል። ሰውዬው ከ1849 በኋላ ወደ ጥብቅናው ተመልሶ፣ ወረቀቱን ባርኔጣው ውስጥ ሸጉጦ ከችሎት ችሎት ሲዞር ነበር። በ1860 ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥም ምንም ሹመት አልነበረውም።

ዋናው ጽሑፍ ተስተካክሏል። የድሮውን ያጋራችሁ ይቺንም አያይዙልኝ።