«ሌላ ገዢ አለ»

ቀብድ ተቀብላችሁ የደላላ ስልክ የምታነሱ ሰዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ለእኔም ነው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ገዢው ቤቱን ሦስት ጊዜ አይቷል። ሚስቱን አምጥቷል፣ አማቱን አምጥቷል፣ ግንበኛ ጓደኛውን አምጥቶ ግድግዳውን አስንኳክቷል። ዋጋ ተቆርጧል፣ ቀብድ ተከፍሏል። ሰኞ ጠዋት ውልና ማስረጃ ልትገናኙ ተቀጣጥራችኋል። ቅዳሜ ማታ ደላላው ይደውላል። «ጋሼ፣ ሌላ ገዢ አለ። ሦስት መቶ ሺህ ይጨምራል። ካሽ ይዞ ነው የቆመው።»

እዚህ ላይ ስልኩን መዝጋት ነበረባችሁ። አትዘጉም። «እስቲ ሰውየው ምን ይላል?» ትላላችሁ። በቃ፣ ያ ቤት ሁለት ጊዜ ተሸጠ።

አወዳድሮ መሸጥ ነውር ነው አልወጣኝም። ባንክ በሐራጅ ሲሸጥ የሚያወጣውን ማስታወቂያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ። መነሻ ዋጋው ተጽፏል፣ አንድ አራተኛው በሲፒኦ፣ ባንክ በመሰከረለት የክፍያ ማዘዣ፣ ይያዛል ይላል፣ ቀኑና ሰዓቱ ተቆርጧል። የተሸነፈው ሲፒኦውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ቅር ይለዋል እንጂ አልተታለለም። የእኛ ጨረታ ግን የሚከፈተው አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ነው። ብዙ ፈላጊ ካላችሁ ምን ቸገራችሁ? «እስከ ቅዳሜ የሁሉንም እሰማለሁ፣ ለተሻለው እሰጣለሁ» በሉ። ለሁሉም እኩል ንገሩ። ከዚያ በኋላ እሺ ያላችሁት ሰው ገዢያችሁ ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲባል እየሰማን አይደል ያደግነው?

ሕጉም ቢሆን ከእኛ ጋር አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድን ከቁጥር 1883 ጀምሮ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እኛ ሻጮች ግማሹን ብቻ ነው የምናስታውሰው። ገዢው ሲያፈገፍግ «ቀብድህ ተበላ» እንላለን። እኛ ስናፈገፍግ «ብርህን ውሰድ፣ ምን ጎደለብህ?»

ገዢዎችም ጨዋ ነን አትበሉ። የሌላ ሰው ቀብድ እንዳለበት እያወቃችሁ «ቀብዱን እኔ እመልስለታለሁ፣ ለኔ ስጠኝ» የምትሉ አላችሁ። ዛሬ ለእናንተ ብሎ ያንን ሰው የካደ ሻጭ፣ ነገ ለሌላ ብሎ እናንተን እንደማይክድ ማን ነገራችሁ? ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቼም አላችሁበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በሃያ ሺህ ዶላር ተበልጣችሁ ቤት ሲያመልጣችሁ ሳምንት ሙሉ ታለቅሳላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ግን ለአክስት ልጅ ውክልና ልካችሁ «ጨምረህ ንጠቀው» ትላላችሁ። ያ የተነጠቀው ሰው በሃያ ዓመት የመምህርነት ደሞዝና በዕቁብ ያጠራቀመ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ተሽቀዳድማችሁ ስትገዙ ዓይናችሁ ይታወራል። ቤቱ እግድ አለበት? የባንክ ዕዳ አለበት? ሚስትየው ትፈርማለች? የጋራ የሆነን ቤት ባል ብቻውን መሸጥ አይችልም። «እስክታጣራ ድረስ ሌላው ይወስደዋል» ሲሏችሁ ካፌ ውስጥ ወረቀት ትፈርማላችሁ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይደረግ ይላል የዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723። ራፖር ጸሐፊው ከግርጌ «በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው» ብሎ ስለመታላችሁ ብቻ አይጸናም።

ስለ ደላሎች ብዙ አልልም። ሁሉም አንድ አይደሉም፤ ቤት አግኝተው የሰጡኝ ሐቀኛ ሰዎችም አውቃለሁ። ግን ያ «ሌላ ገዢ» የሚሉት ሰውዬ ማነው? ስም የለውም። አንዳንዴ ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ አንዳንዴ የመርካቶ ነጋዴ ነው። ሁልጊዜ ካሽ ይዟል፣ ሁልጊዜም ቸኩሏል። መኖሩን የምናጣራበት መንገድ የለም። ጎረቤታችን ቤቱን በስንት እንደሸጠ እንኳ የምንሰማው ከዚያው ከደላላው ነው፤ ውሉ ላይ ያለው ዋጋ ብዙ ጊዜ ግብር ለመሸሽ ዝቅ ተደርጎ የተጻፈ ነውና። ይህንን ውሸት ደግሞ ያጻፍነው እኛ ነን። ኋላ ውሉ ሲፈርስ ዳኛው ፊት የሚነበበው ያው ዝቅ ያለው ዋጋ ነው።

አሁን የኔን ልናገር። የእናታችንን ቤት የሸጥነው አራት ወንድምና እህት ሆነን ነው፤ ኮተቤ። ገዢዎቹ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። ልጅቷ ኩሽናውን በስንዝር ለካችው፣ ለምጣዷ ይበቃ እንደሆነ ለማየት። ጓሮ ያለውን የእናቴን ሎሚ አይታ «እንዳትቆርጡት አደራ» አለችን። ሃምሳ ሺህ ብር ቀብድ ሰጡን።

በሦስተኛው ቀን ስልክ መጣ። አራት መቶ ሺህ ጭማሪ። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን መቶ ሺህ። ወንድሜ «እህታችን አልፈርምም አለች በላቸው» አለኝ። የደወልኩት እኔ ነኝ። እህቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቡና ትቀዳ ነበር። ሃምሳ ሺውን መለስን። እጥፉ እንደሚገባቸው አላወቁም፤ እኛም አልነገርናቸው። ባልየው እንደውም «ብራችንን ስላልከለከላችሁን እግዜር ይስጥልን» ብሎ ነው የሄደው።

እግዜር ቀጣን ብዬ ተረት አልነግራችሁም። የጨመረው ሰውዬ በቀጠሮው መጣ፣ ብሩ ገባ፣ ስም ዞረ። የኔ መቶ ሺህ ምን እንደሠራችልኝ ግን ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ባለፈው ሰሞን ልጅቷን መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ልጅ አዝላለች። አሁንም ኪራይ ቤት ናቸው። እንዳየችኝ ከሰልፍ ወጥታ መጥታ ሳመችኝ።

«ጋሼ፣ እህትዎ እንዴት ናቸው? የእናት ቤት አልሸጥም ማለታቸው እውነታቸውን እኮ ነው፣ አንጀቴን ነው የበሉት። ሎሚውስ አለ?»

«አለ» አልኳት። አዲሱ ባለቤት ቤቱንም ሎሚውንም በሁለት ወሩ ነው ያፈረሰው።