ጣናን የሚወድ ጉናን ይውጣ

ባሕር ዳር ላይ ስለ ሽርሽር ከተነሳ ወሬው ሁሌ ውሃ ነው። ዘጌ በጀልባ፣ ጢስ ዓባይ በሚኒባስ፣ ማታ ሐይቁ ዳር ዓሣ። ከፍ ያለ ቦታ ካማረን ቤዛዊት ወጥተን፣ ዓባይን ከላይ አይተን፣ ፎቶ ተነስተን እንወርዳለን። እኔም ለብዙ ዓመት ተራራ ማለት ቤዛዊት ይመስለኝ ነበር። አትቀየሙኝና ቤዛዊት ጉብታ ነው።

ተራራ ጉና ነው። ከፍታው ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ጣና ያለው 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ጠዋት ሐይቁ ዳር ቡና የጠጣ ሰው ጫፉ ላይ ለመድረስ ከ2,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይጠብቀዋል ማለት ነው። አብዛኛውን መኪና ይገላግላችኋል። በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በደብረ ታቦር አልፎ ክምር ድንጋይ ከተማ ድረስ መንገድ አለ። ቀሪው በእግር ነው። ጉድ የሚፈላውም እዚያ ቀሪው ላይ ነው።

እኛ ታኅሣሥ ላይ አምስት ሆነን ሄድን። ሞኝነታችን ሌሊት ከባሕር ዳር ተነስተን በዚያው ቀን ጫፉን ረግጠን ለመመለስ ማሰባችን ነበር። እዚያ ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በ40 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሰውነት ይህን የሚለምደው ቀስ እያለ ነው። ከመካከላችን ጉልበተኛው በየሳምንቱ ኳስ የሚጫወተው ልጅ ነበር። መጀመሪያ የተሸነፈውም እሱ ነው። ራሱን ፈለጠው፣ አስመለሰው። እንዲህ ሲሆን ወደ ታች መውረድ እንጂ ሌላ መላ የለውም። አንዳችን ይዞት ወረደ፣ ሦስታችን ቀጠልን።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ደብረ ታቦር እደሩ። ቀኑም አይባክንም፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ጋፋት እዚያው አጠገብ ነው። በሶና ቆሎ ያዙ። ጋቢም ያዙ፤ ውርጩ ቀልድ አያውቅም።

ወደ ላይ ሲኬድ መጀመሪያ ገብስና ድንች ነው። ከዚያ ማሳው እየሳሳ ይሄድና ጓሳው ይመጣል፣ በመሐሉም ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግን ማሳው ያበቃል ብዬ ከጠበቅሁት ቦታ በላይም ትኩስ እርሻ አየሁ። ዳገቱ አናት ላይ፣ ሰው ቆሞ ለመራመድ በሚቸገርበት ቦታ።

እዚያ አካባቢ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ከነፈረሳቸው አገኘን።

«ከየት ናችሁ ልጆቼ?»

«ከባሕር ዳር ነን አባቴ።»

«ሐይቁ እንዴት ሆነ? አረሙ ለቀቀው?»

«አለ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኛም ጫፉ ላይ ደረስን። ጣና ይታይ እንደሆነ ለማየት ጓጉተን ነበር፤ ጭጋጉ ግን የገዛ እግራችንን እንኳ ነፈገን።

የሰውዬው ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። ወደ ጣና ከሚገቡት ትላልቅ ወንዞች ሁለቱ፣ ጉማራና ርብ፣ የሚነሱት ከጉና ነው። ክረምት ላይ ወደ ወረታ ስትሄዱ ከጉማራ ድልድይ ቁልቁል እዩ። የሚፈሰው ጭቃ ነው። ያ አፈር ከፊሉ ፎገራ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ከፊሉ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ያ አረም፣ እምቦጭ፣ የሚወፍረው ደግሞ ከእርሻ ታጥቦ በሚመጣ ምግብ ነው። አረሙ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ስንት ዘመቻ ተደረገ! እኔም ሁለቴ ወገቤ ድረስ ውሃ ገብቼ ነቅያለሁ። ፎቶም ተነስቻለሁ። ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ቀለቡም በየክረምቱ ከላይ ይላክለታል። ታች እየነቀልን ላይ እንቀልበዋለን።

ለዚህ ገበሬውን የሚወቅስ ሰው ጉናን አላየም። እዚያ ብርድ ላይ ከገብስና ከድንች ሌላ ምን አለው? አናቱን አትረስ የሚለው ሰው በምትኩ የሚበላውን ማሳየት አለበት። የእርከን ሥራው፣ የግጦሽ ክልከላው፣ ይህ ሁሉ የመንግሥት ሸክም ነው፤ የሐይቁ ዘመቻ የሚያገኘውን ያህል ትኩረትና ብር ተራራውም ማግኘት አለበት ባይ ነኝ። የእኛ የተጓዦች ድርሻ ትንሽ ናት፣ ግን አለች። መንገድ መሪ ከዚያው ሰፈር ቅጠሩ። ፈረስ ተከራዩ። የሚያሳድራችሁ ካገኛችሁ በገንዘባችሁ እደሩ፣ በሉ። ሁሉን ከከተማ ጭኖ ሄዶ የውሃ ላስቲክ ጥሎ የሚመለስ ቡድን ለጉና ምኑም አይደለም። ለፎቶ ብላችሁ ደግሞ ጅብራ አትቁረጡ፤ እንደዚያ የሚያደርጉ አይቻለሁ።

መንገዱን ረስቼ አይደለም ይህን የምለው። ግጭቱ ከተነሳበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ከከተማ መውጣት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ሳይጠይቁ መነሳት የለም። ጊዜው ካልተመቸ እስኪመች ይጠበቃል፤ ተራራው የትም አይሄድም።

እኛ ስንመለስ ጎራ ያልነው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ነበር። ለዛለ ጉልበት እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ጉማራ ከአጠገባችን ይፈሳል፣ በጋ ስለሆነ ቀጭንና የጠራ ነበር። ራሱን ያመመው ጓደኛችን ወንዙን እያየ፣

«ይኼ ውሃ ከዚያ ብርድ ነው የመጣው?» አለኝ።

«አዎ።» የሰውዬውንም ጥያቄ ነገርኩት።

«ታዲያ ምን መለስክላቸው?»

«አለ፣ ብቻ።»