ማስተካከያ፦ ወደ ግሽ ዓባይ ጸበል በልታችሁ አትሂዱ

ከቲሊሊ ተነስተን በእግር ወደ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ስለተጓዝንበት ቀን ስጽፍ «ጠዋት ጠገብ ብላችሁ ውጡ፤ እንደደረሳችሁ ጸበሉን ትጠጣላችሁ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጸበሉ የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። እህል የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይገባም። ይህን የነገሩኝ የቦታው አገልጋዮች ናቸው።

ምክሬን የሰሙ ሁለት እህቶች ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው ከአጥሩ ውጭ ቀርተዋል። በጣም አዝኛለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የሚሻለው እንዲህ ነው። ቀን ተጓዙ፣ በሶውንም ዳቦውንም መንገድ ላይ ጨርሱ፣ ማታ እዚያው እደሩ። ጠዋት ውኃ እንኳ ሳትቀምሱ ወደ ምንጩ ውረዱ።

በግሽ ዓባይ የሚከበረውን የጻድቁን የአቡነ ዘርዐ ብሩክን በዓልም ጥር 12 ነው ብዬ ነበር። 12 ቃና ዘገሊላ ነው። በስንክሳር፣ የቅዱሳን ታሪክ በየዕለቱ በሚነበብበት መጽሐፍ፣ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ዕረፍት የሚነበበው ጥር 13 ነው። ጻድቁ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ አንዲት ገጽ ሳትርስ የተቀበሉት እዚሁ ነው ይባላል። ይህን ታሪክ ከአባቶች አፍ፣ ምንጩ ዳር ቆሞ መስማት ልብ ይነካል። ጥምቀትን አክብራችሁ በ12 መንገድ ብትጀምሩ ለዋዜማው ትደርሳላችሁ።