ጨረቃን የሚያገዝፋት ዙም ሳይሆን ርቀት ነው

ወንድሜ፣ «ፎቶ ላይ ከሰው ጀርባ ጨረቃ ግዙፍ ሆና እንድትታይ በካሜራው ዙም ማድረግ ብቻ ይበቃል» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዙም ሰውንም ጨረቃንም እኩል ያሳድጋል። ልዩነት የሚያመጣው የቆምክበት ቦታ ነው።

እህትህን ከ2 ሜትር ርቀት ስታነሳት ጨረቃዋ ከጆሮ ጉትቻዋ ብዙም አትበልጥም። አሁን እሷን ኮረብታ ላይ አቁማትና 200 ሜትር ያህል ራቅ። ጨረቃዋ ከእግር እስከ ራሷ ታክላታለች! ዙሙ የሚያስፈልግህ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁለቱን አቅርቦ ፍሬሙን እንዲሞላልህ። ደግሞ ጨረቃ ገና ብቅ ስትል ድረስባት። ከፍ ካለች ከሰው ጋር አትገጥምልህም።